ከጣርማ በር ማዶ የሚመጣ መረጃ፦ የይፋት ቆላ ጤና ተቋማትና ማዕከላዊው የመረጃ ቋት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ በተሠራው ዋሻ ውስጥ ያልፍና ወደ ደብረ ሲና ያዘቀዝቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከዚህ ብርዳማ ስፍራ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የሸዋ ሮቢት ቆላ የሚያደርሰው መንገድ ረጅም አይደለም። ለጤና መረጃ ግን ቁልቁለቱ ትልቅ ድንበር ነው። በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ ቦታዎች በአብዛኛው የወባ ሥጋት ያለባቸው ተብለው የሚመደቡ ሲሆን፣ በመስኖ የሚለማው የሸዋ ሮቢትና የቀወት ቆላም ከክረምት መውጫ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ጊዜ በየዓመቱ በጥንቃቄ ያሳልፋል።

የወባ ወረርሽኝ መነሣቱ የሚለየው የሕሙማኑን ብዛት በማየት ብቻ አይደለም። የአንድ ሳምንት ቁጥር ካለፉት አምስት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንታት ጋር ተነጻጽሮ ከተቀመጠው ገደብ ማለፉ ሲረጋገጥ ነው ማስጠንቀቂያው የሚሰጠው። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በፊት የተመዘገበ ቁጥር ዛሬ የተመዘገበውን ያህል ዋጋ አለው። መረጃው የት ይቀመጣል፣ ከርቀትስ በምን መንገድ ይደረስበታል የሚለው ጥያቄ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ የማይተወው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱ ጤና ተቋማት ሪፖርታቸውን የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው ሥርዓት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተወጠነና የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ጭምር ማስተናገድ የሚችል ነው። መረጃውን የሚያኖረው ፖስትግሬስኪውኤል በሚባል ተዛማጅ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ተዛማጅ የመረጃ ቋት የሚለው ጽንሰ ሐሳብ በ1962 ዓ.ም. የአይቢኤም ተመራማሪ በነበረው ኤድጋር ኮድ የቀረበ ሲሆን፣ መረጃን በሠንጠረዦች ከፍሎ በመለያ ቁልፍ ማያያዝን መሠረት ያደርጋል። ጥቅሙ በይፋት ምሳሌ በግልጽ ይታያል። አንዱ መዝጋቢ «ሸዋ ሮቢት»፣ ሌላው «ሸዋሮቢት»፣ ሦስተኛው በአጭሩ «ሮቢት» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ሮቢት የሚባል ቦታ ደግሞ በቆቦ በኩልም አለ። በተራ የሒሳብ ሰሌዳ ላይ የአንድ ተቋም ቁጥር በዚህ ሳቢያ ይበታተናል፤ አለበለዚያም ከሌላ ተቋም ቁጥር ጋር ይደባለቃል። በተዛማጅ ቋት ግን ተቋሙ አንድ ጊዜ ተመዝግቦ ቋሚ መለያ ይሰጠዋል፤ ሪፖርቶቹ ሁሉ የሚያያዙትም ከዚያ መለያ ጋር ነው።

ሰርቨሩ በማዕከል፣ መዝጋቢው በቆላ ሲሆኑ ትልቁ ፈተና የመስመር መቆራረጥ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይዳከማል፤ በጸጥታ ችግር ጊዜ አገልግሎቱ ጨርሶ የሚቋረጥባቸው ወቅቶችም ታይተዋል። እንዲህ ባለ አካባቢ መቆራረጥን እንደ ድንገተኛ አደጋ ቆጥሮ የተነደፈ ሥርዓት ሥራው የሚቆመው በሚፈለግበት ሰዓት ነው። መዝጋቢው ያስገባው ቁጥር በመጀመሪያ በራሱ መሣሪያ ላይ መቀመጥ፣ መስመሩ ሲመለስ ወደ ማዕከል መተላለፍ ይኖርበታል። መስመሩ በዝውውሩ መካከል ቢቋረጥ ደግሞ የተዛማጅ ቋቶች የትራንዛክሽን ሕግ ያግዛል፤ አንድ ላይ የተላኩ መዝገቦች ወይ በሙሉ ይገባሉ፣ ወይ አንዳቸውም አይገቡም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። መረጃው ማዕከል ደርሶ «ደርሷል» የሚለው ምላሽ በመንገድ ሲጠፋ ላኪው መልሶ ይልካል፤ አርባ የወባ ሕሙማንም ሰማንያ ሆነው ሊቆጠሩ ይችላሉ። መፍትሔው በቋቱ አወቃቀር ውስጥ አስቀድሞ የሚቀመጥ ነው። የተቋሙ መለያ፣ ሳምንቱና የበሽታው ዓይነት አንድ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይመዘገቡ ከታዘዘ፣ ሁለተኛው መልእክት የመጀመሪያውን ያድሳል እንጂ አይደመርበትም።

ከርቀት መገናኘት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተት ግን የመረጃ ቋቱን በቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈት ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ሲጫን ከራሱ ኮምፒውተር ውጭ የሚመጣን ጥሪ አይቀበልም፤ ይህ የጥንቃቄ ቅንብር እንጂ ጉድለት አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን ሰርቨር አቁሞ ቅርንጫፎቹ አልገናኝ ሲሉት ከየትም ለሚመጣ ጥሪ ሁሉ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ ሥራውም ለጊዜው ይቃናል። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ሻዶውሰርቨር የተባለው ተቋም ባደረገው ቅኝት በዓለም ዙሪያ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ የማይኤስኪውኤል ሰርቨሮች ለኢንተርኔት ጥሪ መልስ ሲሰጡ ተገኝተዋል። እንዲህ ያሉ በሮችን ቀን ከሌት የሚፈትሹት ሰዎች ሳይሆኑ ለዚሁ የተሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው፤ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ትንሽና ሩቅ መሆኑ ከእነርሱ አይሰውረውም።

ትክክለኛው አሠራር ጣርማ በርን ይመስላል፦ መተላለፊያው አንድ ነው፣ የሚያልፈውም ይታያል። የጤና ጣቢያው መዝጋቢ የሚገናኘው ከመረጃ ቋቱ ጋር ሳይሆን በምስጠራ በተጠበቀ መስመር ከፊት ከቆመው የመተግበሪያ ሰርቨር ጋር ነው። ቋቱ ራሱ በውስጥ አድራሻ ላይ ተቀምጦ የዚያን ሰርቨር ጥሪ ብቻ ይቀበላል። የጥገና ባለሙያ ከርቀት መግባት ሲያስፈልገው በቪፒኤን ወይም ባለሙያዎቹም «ዋሻ» ብለው በሚጠሩት የተመሰጠረ መተላለፊያ በኩል ያልፋል። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ መለያና ለሥራው የሚበቃ ፈቃድ ብቻ ሊኖረው ይገባል። አንድ የይለፍ ቃል ለአምስት ሠራተኞች ሲሰጥ ሥራው የቀለለ ቢመስልም፣ ቁጥር ተለውጦ ሲገኝ ማን እንደለወጠው የሚናገር መዝገብ አይኖርም። ጉዳዩ ሕጋዊ መልክም አለው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያልተፈቀደ መድረስን ሲያስቀጣ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ወገን አስቀምጦ መረጃውን በያዘው አካል ላይ ግዴታ ይጥላል።

ማዕከላዊ ሰርቨር ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ከሆነ እያንዳንዱ ተቋም መዝገቡን በእጁ ቢይዝ አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። የይፋት የቅርብ ዓመታት ታሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ በግጭት ተቃጥላለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሷል፤ በአማራ ክልል በርካታ ጤና ተቋማትም ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። በአንድ መደርደሪያ ወይም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ መዝገብ ከሕንፃው ጋር ይጠፋል፤ አስቀድሞ ማዕከል የደረሰው ግን ይተርፋል። ማዕከሉም ቢሆን ከአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ የለበትም። የመጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ቦታ መኖር ብቻ ሳይሆን በየጊዜው ወደ ባዶ ሰርቨር ተመልሶ መነበቡ መፈተሽ አለበት፤ ተመልሶ ያልተፈተነ ቅጂ አለ ለማለት ያስቸግራል።

ከዚህ ጋር አንድ ጥቃቅን የሚመስል፣ ውጤቱ ግን ቀላል ያልሆነ የአሠራር ጉዳይ አለ። ተቋም ተዘግቶ ሪፖርት ባልመጣባቸው ሳምንታት በቋቱ ውስጥ የሚቀመጠው «ባዶ» መሆን አለበት ወይስ «ዜሮ»? ዜሮ ማለት ታይቶ ሕመምተኛ አልተገኘም ማለት ነው፤ ባዶ ግን አልታወቀም ማለት ነው። ተዛማጅ የመረጃ ቋት ሁለቱን ለይቶ መያዝ ይችላል፤ መለያየቱ የሚጠፋው መዝጋቢው ክፍቱን ሣጥን ለመሙላት ሲል ዜሮ ሲያስገባ ነው። እንዲህ የገቡ ዜሮዎች የአምስት ዓመቱን ንጽጽር ወደ ታች ይጎትቱታል፤ ገደቡም ከልክ በላይ ዝቅ ይልና መደበኛው የጥቅምት ወባ ወረርሽኝ መስሎ ይታያል። ያኔ መድኃኒትና ባለሙያ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲላክ፣ እውነተኛው ወረርሽኝ የተነሣበት ሌላ ቀበሌ ተራውን ይጠብቃል።