«ከሲታ ድመት ናት አይጥ የምትይዝ» ለሚሉ ሁሉ የተሰጠ መልስ



በሠፈራችን ስለ ድመት ሁለት ዓይነት ወሬ ይነዛል። አንዱ ወገን «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም፤ ስለዚህ መክሳቷ ደግ ነው» ይላል። ሌላው ወገን አነስ ቀጠን ያለች ድመት ባየ ቁጥር «ይቺ በሽተኛ ናት፣ በጆንያ አድርጋችሁ ገደል ጣሏት» ይላል። በቅርቡ አንዲት እናት ጎረቤት «ድመትሽን ካልጣልሽ» ብሎ ስላስጨነቃቸው «እስቲ ፍረዱኝ» ብለው ወደ ማኅበሩ መጥተዋል። እኛም ነገሩን ካየን፣ የሚያውቁትንም ከጠየቅን በኋላ ሁለቱንም ወገን አጥብቀን እንቃወማለን።

ትንሽነትና ክሳት አንድ አይደሉም። ሰውም እኮ አጭርና ቀጭን ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የሚውል አለ። ያደገች ድመት በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ኪሎ ትመዝናለች፤ በተፈጥሮዋ ትንሽ የሆነች እንስት ግን ከ3 ኪሎ ጥቂት ብታንስም ፍጹም ጤነኛ ልትሆን ትችላለች። ሚዛን ፍለጋ መሄድ አያሻም፤ እጅ ይበቃል። ጎድኗን ዳብሱ። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ የእጃችሁን ጀርባ ስትዳብሱ አጥንቱ ከቆዳው ሥር ይሰማል፤ የድመቷም ጎድን እንዲያ ከተሰማ ደህና ናት። ጡጫ ጨብጣችሁ አንጓውን እንደመዳበስ ከሆነ፣ አከርካሪዋና የዳሌዋ አጥንት ከሩቅ ከታየ፣ ያን ጊዜ ከስታለች። ከዚያ ጠጉሯን እዩ፤ ጤነኛ ድመት ራሷን እየላሰች ስለምታጸዳ ጠጉሯ ያበራል፣ የታመመች ግን ችላ ስለምትል ይቆማል፣ ይጣበቃል። ድዷን ገልጣችሁ እዩ፤ መንጣት የለበትም። የእኚያ እናት ድመት በዚህ ሁሉ ስትታይ ዓይኗ ንቁ፣ ጠጉሯ ለስላሳ፣ የቀረበላትን የምትበላ ሆና ተገኘች። ታዲያ ምኗ ነው የታመመው? ትንሽ ሆና ተፈጠረች፣ በቃ።

እውነተኛ ክሳት ሲመጣ ግን ምክንያት አለው። በእኛ ቤት ቀዳሚዎቹ ሁለት ናቸው፤ ረሃብና የሆድ ትል። ወስፋት ከእናቲቱ ጡት ጋር ወደ ግልገሏ ይገባል። ጎድኗ ወጥቶ ሆዷ እንደ ከበሮ የተነፋ ግልገል ስታዩ «ጠግባለች» ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ትል ነው። የኮሶ ትል ደግሞ ከቁንጫና ከአይጥ ትይዛለች፤ ከጅራቷ ሥር የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ይታያል። የምታጠባ እናት ድመትም ትከሳለች፤ እሷ ከወትሮው እጥፍና ከዚያም በላይ ምግብ ያሻታል። ያረጀችዋን ጥርሷና ኩላሊቷ ያከሳታል።

አሁን ወደ ዋናው ኋላ ቀር ልማድ እንምጣ። «አስርባት፣ አይጥ ትይዛለች» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ አይገባንም። የአባቶች ተረት እንኳ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ነው የሚለው። ሥጋ ብትጠግብም አይጥ ስታይ ትዘላለች፣ ይዛም ሳትበላ ስትጫወትበት ሁላችንም አይተናል። ለሆዷ ብቻ ብታድን ኖሮ መጫወቱን ምን አመጣው? የተራበች ድመት ግን ጉልበቷ ያልቃል፣ ከቤት ትጠፋለች፣ የጎረቤት ጫጩት ትነጥቃለች፣ ያም ጠብ ያመጣል። ወይም ደጅ የወደቀ፣ መርዝ የበላ አይጥ አግኝታ ትበላና ትሞታለች። ከዚያ በኋላ አይጡ በጎተራው ገብስ ይፈነጫል፣ የሸማኔውን ድር ይቆርጣል፣ ባለቤቱም መርዝ ሊገዛ ገበያ ይወርዳል፤ ያንኑ መርዝ ልጆች በሚጫወቱበት ጓዳ ይበትነዋል። ቁጠባው ይኸ ነው እንግዲህ!

«እኛ እናበላለን፣ ቆጮ እንሰጣታለን» የሚሉም አሉ። ቆጮ ለሰው ክቡር ምግብ ነው፣ ለድመት ግን ብቻውን አይበቃም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንዳስረዱን፣ ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጥረት ናት። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋታል፤ እሱም የሚገኘው በሥጋ፣ በዓሣና በአይጥ ነው፣ በእህልና በእንሰት ግን የለም ማለት ይቻላል። ይህ የጎደላት ድመት ዓይኗ እንደሚጠፋ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ልቧ እንደሚደክም ደግሞ በ1987 ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። የላም ወተትም ብዙዎቹን ትልልቅ ድመቶች ያስቀምጣል፤ ውኃ ይሻላል። ብዙ ወጪ አልጠየቅንም። በመስቀል በሬ ሲታረድ ለውሻ ከሚጣለው ሳንባ ቁራጭ ቀቅሎ መስጠት፣ ከጫሞ ዓሣ በመጣ ቀን ጭንቅላቱን አለመጣል፣ ይኸው ነው።

በሽታ የሚፈሩትን ወገኖች ፍርሃታቸው ከንቱ ነው አንልም። ነፍሰ ጡር ሴት የድመት እዳሪ መጥረግ የለባትም፤ ሌላው የቤት ሰው በየቀኑ ይጥረግ፣ እጁንም ይታጠብ። ግን ይኸው በሽታ ከጥሬ ሥጋም እንደሚይዝ ማን ይናገር? የእብድ ውሻ በሽታም ድመትን ይይዛል፣ ወፍራም ቀጭን አይልም። ጠባይዋ በድንገት የተለወጠ፣ ለሃጭ የምታዝረበርብ ድመት ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በጆንያ ተጥላ የተረፈች ድመት ደግሞ ተመልሳ ስትመጣ ከማን ጋር እንደተናከሰች አይታወቅም። ለልጆች የሚያስፈራው የትኛው ነው?

ለሰው የታዘዘ መድኃኒት ለድመት መስጠት ይቁም። ፓራሲታሞል አንዲቱ ፍሬ እንኳ ልትገድላት ትችላለች። የትል መድኃኒትም በክብደቷ ተለክቶ በባለሙያ ይሰጥ።

ስለዚህ ማኅበሩ የሚከተለውን ያሳስባል። «ድመት ይጣልልኝ» የሚል አቤቱታ ከመቅረቡ በፊት ድመቷ ከላይ እንደተጻፈው ትታይ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለከብት ክትባት ወደ ሠፈራችን ሲመጣ የከሳ ድመት ያላችሁ ይዛችሁ ቅረቡ። በክዳን ቅርጫት ይሁን፤ ቅርጫት የሌላችሁ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሉ፣ አለዚያ ትቧጭራለች።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ገረሴ