የነፍሰ ጡር አምሮትና የማቀዝቀዣው ብርድ

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ፥ በደቡብ አፍሪካ የአራስ ሕፃናት ሐኪሞች ያልተለመደ ነገር አስተዋሉ። ከተወለዱ ጥቂት ቀናት ያልሞላቸው ሕፃናት ደማቸው ተመርዞ በብዛት ይታመሙ ጀመር። የበሽታው ምክንያት ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑ ቢታወቅም፥ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ግን ወራት ፈጀ። በ2018 መጀመሪያ በሶዌቶ ከአንድ የሕፃናት መዋያ የመጡ ልጆች ታመው ሆስፒታል ሲገቡ፥ የበሉት ምን እንደ ሆነ ተጠየቀ። መልሱ ፖሎኒ ነበር፤ ይኸውም ተፈጭቶና ተቀቅሎ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ፥ ድኻው ሁሉ ከዳቦ ጋር የሚበላው ርካሽ ሥጋ ነው። ዱካው በፖሎክዋኔ ከተማ ወዳለ ፋብሪካ አደረሰ። በሽታው ጠፋ እስከ ተባለበት እስከ ሴፕቴምበር 2018 ድረስ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመው፥ ከ200 በላይ ሞተዋል። ከታመሙትም ግማሽ ያህሉ ነፍሰ ጡሮችና አራስ ሕፃናት ነበሩ።

ይህን የሩቅ አገር ነገር ያነሣነው በማቀዝቀዣ ላይ ያለን እምነት ከልክ ያለፈ ስለ መሰለን ነው። እኛ ደመወዝተኞቹ ማቀዝቀዣ በገዛን ማግስት፥ በውስጡ ያስቀመጥነው ሁሉ ከጥፋት የዳነ ይመስለናል። ብርድ ብዙውን ተሐዋሲ ያስተኛል፤ ሊስቴሪያ ግን በ4 ዲግሪ እንኳ ቀስ እያለ ይራባል። የሚገድለው እሳት ነው።

እናቲቱን ብዙም አይጎዳት ይሆናል። ጥቂት ትኩሳት፥ የወገብና የጡንቻ ሕመም ይሰማታል፤ «ብርድ መታኝ» ብላ ጋቢዋን ደርባ ትተኛለች። ባክቴሪያው ግን በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ፅንሱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ውርጃ፥ ሞቶ መወለድ ወይም ያለ ጊዜ መወለድ ይመጣል፤ በሕይወት የተወለደውም ደሙ ወይም የአንጎሉ ሽፋን ሊመረዝ ይችላል።

በሀገራችን ነፍሰ ጡርን «ያማረሽን ብዪ» ማለት የቆየ ደግ ልማድ ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ያማራት ቁርጥ ወይም ለብለብ ክትፎ፥ ወይም ከላሟ ጡት የታለበ ያልፈላ ወተት ሲሆን፥ ባል «እንቢ» ለማለት ያፍራል፤ አማትም ትቆጣለች። (እንዲያውም ጉርሻውን ቀድሞ የሚዘረጋው እርሱ ባልየው ነው።) ክትፎው በደንብ ይብሰል፤ ወተቱ ይፍላ፤ ያደረ ወጥ እንፋሎቱ እስኪወጣ ይሙቅ። ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋ ሳይታጠብ ሰላጣ አይቁረጥ። ለዚህ ሁሉ ከክብሪትና ከሳሙና የበለጠ ወጪ የለም።

ነፍሰ ጡር ትኩሳት ሲይዛት ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ትሂድ፤ በደም ምርመራ ከታወቀ በጊዜው የሚሰጥ አምፒሲሊን ልጁን ሊያድነው ይችላል። ለሐኪሙም ትናንት የበላችውን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ሳምንታት ምግቧን ሁሉ ትንገረው፤ ይህ በሽታ ከተበላበት ቀን ጀምሮ እስከ 70 ቀን ተደብቆ ሊቆይ ይችላልና።