ያልታዘዘ ዝምታ

ስንኝ ሲያነብ በማይገባው ቦታ ትንፋሽ የሚወስድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? አንዲት ቃል አልለወጠም፤ ግጥሙን ግን ገድሎታል። ሰሞኑን ይኸው ነገር ከሙዚቃ በኩል መጣብኝ።

ሲዲው እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የቢትልሶች «አቢ ሮድ» ነው። ወደ ማብቂያው ላይ አጫጭር ዘፈኖች እርስ በርስ ተያይዘው ይፈስሳሉ። «ጎልደን ስላምበርስ» እና «ካሪ ዛት ዌይት» እንዲያውም በአንድነት የተቀረጹ ናቸው፤ ሁለት ያደረጋቸው የተሰጣቸው ቁጥር ነው። ሲዲውን ወደ ኤምፒስሪ ገልብጬ ሳዳምጥ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ላይ ድምፁ ሳግ እንደያዘው ሰው እንቅ ይልና ይቀጥላል።

ምክንያቱን ሳጣራ እንጀራዬን አስታወሰኝ። እኛ ባንክ ቤት ብሩን መቶ መቶ ኖት እያደረግን እናስራለን። ኤምፒስሪም ድምፅን በእስር ነው የሚይዘው፤ አንዱ እስር 1,152 ናሙና ነው። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና ስለሚይዝ፣ አንድ እስር የሰከንድ 1/38ኛ ገደማ ይሆናል። ዘፈኑ በእስሩ ልክ ካላለቀ መለወጫው ጉድለቱን በባዶ ይሞላዋል፤ መነሻውም ላይ ለራሱ ስሌት ጥቂት ባዶ ያክላል። እኔ በ63 ኖት ላይ 37 ነጭ ወረቀት ደርቤ «መቶ ነው» ብዬ ባስረክብ የት እንደማድር ታውቁታላችሁ።

«ይህቺ ምን አላት?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። (ሂሳብ ሲዘጋ አምስት ሳንቲም ጎደለች ብለው የሚያመሹትም እነሱው ናቸው።)

ዝምታን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። በዚያው አልበም «ዚ ኤንድ» ካበቃ በኋላ 14 ሰከንድ ያህል ጸጥታ አለ፤ ከዚያ «ኸር ማጀስቲ» ብቅ ትላለች። ከመሐል ተቆርጣ የወጣች፣ የድምፅ ባለሙያ እንዳትጠፋ ብሎ ከቴፑ ጫፍ የቀጠላት ዘፈን ናት። ጸጥታው በአጋጣሚ ተፈጠረ፤ ባለቤቶቹ ሰሙት፣ ወደዱት፣ እንዳለ ተዉት። ያ ዝምታ እንግዲህ የድርሰቱ አካል ነው። የኔዋን ቅንጣት ግን ማንም አልሰማትም፣ ማንም አልፈቀዳትም።

ሌም የተባለው መለወጫ የጨመረውን ባዶ ልክ በፋይሉ ራስጌ ይመዘግባል፤ መዝገቡን የሚያነብ ማጫወቻ ትርፉን ቆርጦ ይጥላል። የማያነብ ፕሮግራም ፋይሉን እንደገና ወደ ሌላ ዓይነት ከለወጠው ግን ባዶው ከዘፈኑ ጋር ተዋሕዶ ይቀራል፤ መዝገቡም ይጠፋል። ፍላክ የተባለው ዓይነት ናሙናዎቹን በቁጥራቸው ልክ ስለሚያስቀምጥ ይህ ጣጣ የለበትም።

ቅዳሜ ማታ ሲዲውን እንደገና በፍላክ ገለበጥኩት። ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ሰማና፣ «ሁለተኛው ዘፈን መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። ጀምሮ ነበር።