ትዝታው የመኪናው ነው ወይስ የመንገደኛው?

በዋና ከተማችንና በሌሎችም ታላላቅ ከተሞቻችን አሮጌ መኪናን የመውደድና የማክበር ልማድ እየተስፋፋ ሄዷል። ቮልስዋገንና ፊያት ሴይቼንቶ፣ ላዳና ላንድሮቨር ከቆሙበት ጥግ እየተነሡ፣ ዝገታቸው እየተፋቀ፣ ቀለማቸው እየታደሰ በአደባባይ ይታያሉ። ባለቤቶቻቸውም እጃቸውን በመሪው ላይ አሳርፈው ስለ ወጣትነታቸው፣ ስለ ሠርጋቸውና ስለ አባቶቻቸው በናፍቆት ይተርካሉ። ሰው ያለፈውን መውደዱ የሰውነቱ ምልክት ነውና ይህን ልማድ የምንነቅፍ አይደለንም። ሙግታችን ከሌላ ነገር ጋር ነው፤ ይኸውም ጥቂት ባለመኪኖች የግል ትዝታቸውን የአገር ሁሉ ትዝታ አድርገው ማቅረባቸውና በዚሁ ትዝታ ጣፋጭነት የመንገደኛውን መከራ መሸፈናቸው ነው።

በመጀመሪያ ለተሟጋቾቻችን የሚገባቸውን እንስጥ። ሕዝብ «ቮልስ» ብሎ ያለመዳት ቮልስዋገን በሜክሲኮ አገር የመጨረሻዋ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ከፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በአገራችንም የመምህሩ፣ የነርሱና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው መኪና ነበረች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የተሳፈሩት በዚችው ትንሽ መኪና ነው። እንዲህ ያለች መኪና የታሪክ ምስክር አይደለችም ብሎ የሚከራከር የለም። ሆኖም መኪና ያለው ሰው ትዝታና መኪና ያለፈው ሰው ትዝታ ከቶ አንድ ሊሆን አይችልም። የመጀመሪያው ይጻፋል፣ ይነገራል፣ ይወደሳል፤ ሁለተኛው ግን የሚጠይቀው ባለማግኘቱ ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል።

ይህን ለመረዳት ከደብረ ታቦር ባሻገር ወዳለው አገር፣ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ መመልከት ይበቃል። በሰሜን በኩል ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ በደቡብ የበሽሎና የዓባይ ሸለቆዎች ምድሩን ይቆርጡታል። በዚህ አገር ታሪክ በሰፊው የሚያስታውሰው የመንኰራኵር ጉዞ የተደረገው በ1860 ዓ.ም. ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ፣ ሠራዊታቸው ዐለቱን እየፈለጠ፣ ገደሉን እየናደ መንገድ አበጀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መድፉ በጋሪ ላይ ሆኖ፣ በሰው ክንድ እየተጎተተ፣ በጨጨሆ በኩል አልፎ ከብዙ ወራት በኋላ መቅደላ ደረሰ። ዛሬ ሴባስቶፖልን የማያውቅ ተማሪ የለም። የገመዱን ጫፍ የያዘውን፣ መዳፉ የተላጠውን፣ በመንገዱ ላይ ወድቆ የቀረውን ሰው ስም የሚያውቅ ግን ማን ነው? ብረቱ ሲታወስ ጎታቹ መረሳቱ እንግዲህ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የመጣ በሽታችን ነው።

የመኪናውም ታሪክ ከዚህ አልራቀም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያም ተሰማ እሸቴ የመኪና ሙያ ይማሩ ዘንድ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ፤ በዚያም ሳሉ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። መኪናና ዜማ በአገራችን ገና ከጅምሩ በአንድ ሰው እጅ መገናኘታቸው የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን መዲናይቱ አውቶሞቢል ካየች ወዲህ ጋይንት በጋ ከክረምት የሚያስኬድ አውራ ጎዳና ለማግኘት ወደ 70 ዓመት ገደማ መጠበቅ ነበረበት። በቻይና መንግሥት እርዳታ በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1970ዎቹ የተፈጸመው፣ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው ይህን የለወጠው። ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በከተማው «ወርቃማ» የሚባለው የሴይቼንቶ ዘመን በጋይንት የበቅሎና የእግር ዘመን ነበር ማለት ነው። እንግዲህ «ያ ዘመን» ሲባል የማን ዘመን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መንገዱ ከወጣ በኋላም ቢሆን በዚያ አገር መኪና ማለት ካሚዮን ነበር። ተሳፋሪው በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ገመድ ጨብጦ፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ የጉናን ብርድ ይቀበላል፤ እናት ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፍና አቧራውን በጀርባዋ ትመክታለች። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲደክም ረዳቱ ታኮውን ይዞ ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማው ሥር ይሸጉጣል። ያ ሁሉ ነፍስ በአንድ ጎረምሳ እጅና በአንድ ቁራጭ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ከአውራ ጎዳናው የራቀው የስማዳ፣ የእስቴና የታች ጋይንት ሰው ደግሞ ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ገደል ወርዶ ወንዝ ተሻግሮ መንገድ ዳር ይደርስና መኪና ይጠብቃል። መኪናው ሞልቶ ቢያልፈው ሌላ ይጠብቃል፤ ሕመምተኛው ግን ሁልጊዜ አይጠብቅም። በሰሜኑ አገራችን በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኃብ ጊዜም የእርዳታው እህል የሚደርሰው ካሚዮን እስከሚገባበት ድረስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው በእግሩ ወደ እህሉ መምጣት ነበረበት፤ ጕልበት የከዳውም በመንገድ ቀረ። እነዚህም የመኪና ትዝታዎች ናቸው።

ተሟጋቾቻችን በዚህ ጊዜ «የድሮ መኪና ብረት ነበር፤ የዛሬው ቆርቆሮ ነው» የሚለውን የተለመደ ቃላቸውን ያነሣሉ። ለዚህ ሁለት መልስ አለን። አንደኛው የብልሃተኞች ነው። የዛሬው መኪና በግጭት ጊዜ ፊቱ የሚጨማደደው እንዲጨማደድ ታስቦ ስለ ተሠራ ነው፤ የግጭቱን ኃይል ራሱ ውጦ በውስጡ ያለውን ሰው ለማዳን። የድሮው ብረት አልጨማደድም ሲል ያንኑ ኃይል ለተሳፋሪው አጥንት ያስተላልፈው ነበር። በመኪናው ጥንካሬ የሚመካ ሰው መኪናው ድኖ ተሳፋሪው የሞተበትን ጊዜ መቍጠር ረስቷል።

ሁለተኛው መልሳችን ጥንካሬው የብረቱ ብቻ አልነበረም የሚል ነው። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ ካሚዮን አስከትሎ ገባ፤ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ካሚዮኑንም የዕቃውንም ስም ትቶ ሄደ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ባሌስትራ የምንላቸው ቃላት ሁሉ የዚያ ቅርስ ናቸው። የጠላትን ብረት ወስዶ የወገን መገልገያ ያደረገው፣ መለዋወጫ በሌለበት ዘመን የተሰበረ ባሌስትራ በብየዳና በሽቦ አስሮ ካሚዮኑን ከገደል አፋፍ ያሻገረው መካኒክና ሹፌር ነው። «ይህ መኪና 40 ዓመት ሠራ» ይባላል። 40 ዓመት ያሠሩት እነዚያ ሰዎች ግን ፎቶግራፋቸው እንኳ በየትኛውም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይታይም።

ደግሞም ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ተጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ መኪኖች በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተወሰነ። የውሳኔዎቹ ዓላማ በጎ ነው፤ አየሩንም የአገሩንም የውጭ ምንዛሪ ይጠብቃል። ነገር ግን ከተማ ያረጀበትን መኪና ወዴት እንደሚልከው ሁላችንም እናውቃለን። በአውራ ጎዳናው ላይ ሰውቶ ፍሬኑ የላላው፣ ጎማው የተላጠው ሚኒባስና አውቶቡስ የመጨረሻ ዕድሜውን የሚፈጽመው ወደ ወረዳ በሚወስደው የኮረት መንገድ ላይ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደውም መኪና ኃይል የሚሞላበት ጣቢያ እስኪዘረጋለት ድረስ ከታላላቅ ከተሞች ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ለከተማው ባለትዝታ አሮጌ መኪና የእሑድ ጌጡ ሲሆን፣ ለስማዳ ገበሬ ግን የሰኞ ዕጣው ነው። አንዱ የሚናፍቀውን ሌላው ገና አልተገላገለውም። ሌላው ዛሬም የሚሰቃይበትን ነገር «ደግ ዘመን» ብሎ ማወደስ ከስንፍና አልፎ ጭካኔ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አሮጌ መኪና ይቃጠል አንልም፤ ትዝታም ይከልከል አንልም። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

ለመምህራንና ለተማሪዎች የምናቀርበው፣ በየአካባቢያቸው ያሉትን ሽማግሌ ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ መካኒኮችና ቃሬዛ ተሸካሚዎች ፈልገው ቃላቸውን በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ ነው። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ያሉት ትምህርት ቤቶች አንዳንድ ደብተር ቢመድቡለት ሥራው ይጀመራል። በቻይና መንገድ ሥራ ላይ ጎልማሳ ሆኖ ድንጋይ የፈለጠ ሰው ዛሬ አርጅቷልና ጊዜው አይታገሠንም።

ሁለተኛው ለቅርስ ጠባቂዎች ነው። የነገሥታት መኪና ለትውልድ እንዲታይ መጠበቁ ተገቢ ነው፤ ከአጠገቡ ግን አንድ አሮጌ ካሚዮን ከነታኮው፣ ከነገመዱና ከነጆንያው ይቁም። የቀለም ማደሻም አያስፈልገው፤ ጭረቱና እጥፋቱ ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ ይናገራል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ለባለሥልጣኖች ነው። መንገድ ተሠራ ሲባል የሚቈጠረው ኪሎ ሜትሩ ነው። እኛ ግን ከአንድ የስማዳ መንደር ሆስፒታል እስኪደረስ የሚፈጀው ሰዓት፣ በዚያም መንገድ ላይ የሚሄደው መኪና የፍሬኑ ደኅንነት አብሮ ይቈጠር እንላለን። በከተማ መመርመሪያ ጣቢያ የወደቀ መኪና በወረዳ መንገድ ላይ ሰው እንዲጭን መፍቀድ የገጠሩን ሰው ነፍስ በቅናሽ ዋጋ መገመት ነው።

ትዝታ የጌታም የድኻም ሀብት ነው፤ ነገር ግን የጌታው ብቻ ሲነገር ውሸት ይሆናል። ባለቮልሱ ስለ ቮልሱ ይናገር፤ እንሰማዋለን። እርሱም ንግግሩን ሲጨርስ፣ በጆንያ ላይ ተቀምጦ ጉናን የተሻገረውን ሰው ይስማ። ይህ ሰው ሲናገር ስለ መኪናው ውበት ምናልባት አንዲት ቃል አይተነፍስ ይሆናል፤ መንገድ ዳር ስለ ቀረችው ቃሬዛ ግን ይነግረናል። የሚሰማ ጆሮ ያለው መንግሥትና ማኅበረሰብ ከዚያ ቃል የሚማረው ከታደሰ ቀለም ከሚማረው ይበልጣል።