የሀገር ውስጥ መኪና ማለት መለዋወጫው ሀገር ውስጥ ያለ መኪና ነው

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አጎቴ ከመሐል ሜዳ ደወሉ። ሰላምታቸው እንደ ወትሮው አልረዘመም።

«አንተ ልጅ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ ወሬውን ሁሉ ትሰማለህ። እስቲ ንገረኝ፤ የደብረ ብርሃኑን ልግዛ ወይስ የጃፓኑን?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ ያሉት ሁለት ልጆቻቸው ገንዘብ ልከዋል። እሳቸውም በጎችና ሁለት ሰንጋ ሸጠው ጨምረውበታል። የሚፈልጉት አንድ ሚኒባስ ነው፤ ዘጠኝ ነፍስ ያለበትን ቤት ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ የሚያደርስ፣ ምጥ የያዛት ስትኖር በሌሊት ደብረ ብርሃን የሚያወርድ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ሰው ጭኖ ወጪውን የሚመልስ። በኛ አገር የቤተሰብ መኪና ማለት ይኸው ነው። ሲበላሽ ሽርሽር ብቻ አይቀርም፤ ቤት ይናጋል።

«የጃፓኑ» ያገለገለ ቶዮታ ሃያስ ነው፤ ሕዝቡ አንዱን ዶልፊን፣ ሌላውን አባዱላ ብሎ የሚጠራው። «የደብረ ብርሃኑ» ደግሞ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ነው። የበላይነህ ክንዴ ግሩፕ ደብረ ብርሃን ላይ ባለው መገጣጠሚያ፣ ጎልደን ድራጎን ከተባለው የቻይና ኩባንያ የሚመጣውን ዕቃ እየገጠመ ያወጣዋል።

ይህን የቤተሰብ ወሬ እዚህ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በየቻናሉ «የሀገርህን ምርት ግዛ» የሚል ስብከት በዝቷል። የማይገዛው እንደ ባንዳ ይቆጠራል። በሌላው ወገን ደግሞ «ቻይና ነው፣ ይቅርብኝ» ብሎ ሳያይ የሚያጣጥል አለ። ሁለቱም አጎቴን አልረዷቸውም። እኔ ደግሞ ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ለኤሌክትሪኩ የሚገባውን እንስጠው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነች። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ጣርማበር ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት ያላየ የለም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ጉልበቱ ደብረ ሲናም ጓሳም ያው ነው። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ጥቂት ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ የፍሬን ሸራም ይቆጥባል። ናፍጣ ጠፍቶ ሰልፍ ሲያድር፣ በጀሪካን በጥቁር ገበያ ሲሸጥ፣ ይህ ሁሉ ቀላል ነገር አይደለም። ሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። በራሳችን ውኃ የሚሄድ መኪና ብንመኝ አያስነውርም።

አሁን ወደ ሌላው ጎን እንምጣ።

ተሳፋሪ የሞላው ሚኒባስ 3.5 ቶን ይመዝናል እንበል። ያንን ክብደት 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ ከ9 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ይህ የመንገዱን ርቀት፣ ኮረኮንቹንና የሞተሩን ብክነት ሳይጨምር ነው። ፋብሪካ የሚነግራችሁ የኪሎ ሜትር ቁጥር የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወደ አለም ከተማ የሚወጣውን መንገድ አስቦ የተለካ አይደለም። በብርድ ደግሞ ባትሪ ይደክማል፤ የመንዝን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ባትሪው ሲያልቅስ? የቤት ሶኬት 220 ቮልት ነው። 10 አምፔር ቢሰጥ በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚሞላው። 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ መንገድ ለመሙላት አንድ ቀን ሙሉ ሊፈጅ ነው፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ምጥ የያዛት ሴት መብራት እስኪመጣ አትጠብቅም።

የእኔ ዋና ክርክር ግን ከባትሪው ይልቅ «የሀገር ውስጥ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ሃያስ ጃፓን ተሠራ። ዛሬ ግን ከሃያስ የበለጠ የሀገር ውስጥ መኪና አሳዩኝ። ፍሪሲዮኑ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል። አዲሱ ሲወደድ ያገለገለው አለ፤ እሱም ሲታጣ ቶርኒተሪ ቤት ይቀረጻል። ባሌስትራው ሲሰበር የሚበይድ ሰው በየወረዳው አለ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ልጅ ድምፁን ሰምቶ ችግሩን ይነግራችኋል። ይህ ዕውቀት በአርባና በሃምሳ ዓመት፣ በስንት ሹፌር፣ ረዳትና መካኒክ ላብ የተከማቸ ነው። መንግሥት አላስተማረውም፣ ፋብሪካም አልሰጠውም። ቅጥቅጥ የምንለውን አይሱዙስ ማን ቀጠቀጠው? ሻንሲው የውጭ፣ ገላው የኛ።

በሌላ በኩል «የኛ» የተባለው መኪና ባለቤቱን ሜዳ ላይ ጥሎት ሲሄድም አይተናል። ሆላንድ ካር ሞጆ ላይ መኪና እየገጣጠመ አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ እያለ ስም ያወጣ ነበር። ከዚህ የበለጠ የሀገር ስም ከየት ይመጣል? በ2005 ዓ.ም. ኩባንያው ከሰረ። ስሙ የኛ ወንዝ ነበር፤ ዕቃው ግን የቻይና ነበረና የገዛው ሰው መለዋወጫ ፍለጋ ቀረለት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት አባቶች ስለ መኪናም ያሰቡ ይመስለኛል። ዝምድናው በስም ብቻ ከሆነ፣ ሲቸግር አይደርስም።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ ይሞግተኛል። «ሰው ካልገዛው እንዴት ያድጋል? ሃያስም ያን ጊዜ አዲስ ነበር» ይላል።

ልክ ነው። የአጎቴ ሕመምም ይኸው ነው። ትንሿ ልጃቸው ደብረ ብርሃን አውቶ መካኒክ ተምራ ሥራ ፍለጋ ላይ ነች። «ሁሉም የውጭ ከገዛ ይቺ ልጅ የት ትቀጠራለች?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ ቸኩዬ መልስ አልሰጠሁም። እውነት አለውና።

ግን ሒሳቡን እንየው። ገጣጣሚውን የደገፍነው ገና ሳንገዛ ነው። በ2014 ዓ.ም. ተበታትኖ የሚመጣ የኤሌክትሪክ መኪና ዕቃ ጉምሩክ ቀረጥ እንዳይከፍል፣ በከፊል የተገጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉው 15 በመቶ እንዲከፍል ተወሰነ። ኤክሳይዝና ተጨማሪ እሴት ታክስም ያኔ ተነስቶለት ነበር። በአንጻሩ በአዋጅ 1186/2012 አሮጌ አውቶሞቢል ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይዝ ተጣለ። በ2016 ጥር ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር አለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል እንደማይገባ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነካ።

ይህን ሁሉ የከፈለው ሕዝብ ነው። ያልተሰበሰበው ቀረጥ የመንገድና የጤና ጣቢያ ገንዘብ ነበር። ስለዚህ ገጣጣሚውም መንግሥትም የመሐል ሜዳን ገበሬ «አገርህን ውደድ» ከማለታቸው በፊት ባለዕዳ መሆናቸውን ይወቁ። ድጎማው የተሰጠው መኪና እንዲቆም ሳይሆን እንዲሄድ ነው።

ዕዳው የሚከፈለው በሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የመለዋወጫ መጋዘን። የፍሬን፣ የመሪ፣ የመስተዋት ዕቃ ደብረ ብርሃን ላይ በታወቀ ዋጋ ይሸጥ። ዕቃው ከቻይና እስኪመጣ ሁለት ወር የሚጠበቅ ከሆነ ያ መኪና የሀገር ውስጥ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በጽሑፍ የሰፈረ የባትሪ ዋስትና። የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋው ባትሪው ላይ ነው። ስንት ዓመት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ቢደክም ማን ይተካል የሚለው በአማርኛ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት ይሰጥ። «ችግር የለም ጋሼ» የሚል የሻጭ ቃል ዋስትና አይባልም።

ሦስተኛ፣ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ። መሐል ሜዳ፣ ራቤልና አለም ከተማ አንዳንድ ይተከል። አዲስ አበባ ላይ አሥር ተክሎ ገጠሩን ግዛ ማለት ወንዝ በሌለበት ጀልባ መሸጥ ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን የመጀመሪያ ገዢ ለመሆን አቅም ያላቸው ይቅደሙ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ትልልቅ ድርጅቶች፣ የደብረ ብርሃን ከተማ ታክሲዎች ይግዙት። አንዱ ቢቆምባቸው ሌላ አላቸው፤ መገጣጠሚያውም ደጃቸው ነው። ስህተቱ እነሱ ላይ ይታይ፣ መካኒኩም እነሱ ላይ ይልመድ። የአጎቴ ልጅ ሥራ የምታገኘውም በዚህ መንገድ ነው። አንድ መኪና ያለው ቤተሰብ ግን መሞከሪያ መሆን የለበትም።

ሃያስንም ቅዱስ አላደርገውም። ሃያ ዓመት የሠራ ሞተር ነው፤ ወንበሩ ተበይዶ የገባ፣ ቀበቶ የሌለው፣ በትርፍ ጭነት ሻንሲው የደከመ ብዙ አለ። ለማየት የሚያምረው ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ለቤተሰብ የሚገዛ ሰው ሊብሬውን ብቻ አይቶ አይክፈል፤ የራሱን መካኒክ ይዞ ይሂድ፣ ዳገት ላይ ይሞክረው፣ ሥሩ ገብቶ ብየዳ ይፈልግ።

ለአጎቴ የመለስኩላቸው ይህንኑ ነው። «ጋሼ፣ ኑሮዎ ደብረ ብርሃን ከተማ ቢሆን የደብረ ብርሃኑን ይግዙ እልዎት ነበር። መንገድዎ መንዝና ግሼ ከሆነ ግን ዛሬ ሃያሱን ይግዙ። ሦስቱ ነገሮች የተሟሉ ዕለት እኔው ራሴ ደውዬ ይሽጡት እልዎታለሁ።»

ዝም አሉ። ቆይተው፣ «መጀመሪያ ሄጄ ልጠይቃቸዋ» አሉ። «ማክሰኞ ከልጅቷ ጋር እወርዳለሁ። መጋዘኑን አሳዩኝ እላለሁ። እሷ ደግሞ ዕቃውን ታውቀዋለች፣ አያታልሏትም።»

ልክ ናቸው። የምትገዙ ሁሉ እንደሳቸው አድርጉ። ከመኪናው በፊት መጋዘኑን አሳዩን በሉ።

ቸር እንሰንብት።