ሸክላው የማን ነው?

በግቢያችን ሁለት ዓይነት ሙዚቀኛ አለ። አንደኛው «እኔ ለጥበብ እንጂ ለብር አልጫወትም» እያለ ደረቱን የሚነፋ ነው። ሁለተኛው «አንድ ሙዚቃ ቤት ብቻ እሺ ይበለኝ እንጂ ያሻውን ያስፈርመኝ» የሚል ነው። ሲገናኙ ይሰዳደባሉ፤ ያኛው ይኼኛውን አድርባይ ሲለው፣ ይኼኛው ያኛውን ባዶ ኪስ ፈላስፋ ይለዋል። ሲጠጋጓቸው ግን ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ወረቀት አያነቡም፤ አንዱ ንቆ፣ ሌላው ቸኩሎ። ሙዚቃ ቤቱ ታዲያ ከሁለቱም ጋር ቢዋደድ ምን ይገርማል?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ዘፈን አንድ ዕቃ አይደለም፤ ሁለት ነው። ግጥሙና ዜማው አንድ ንብረት ነው። ስቱዲዮ ገብተን የቀረጽነው ድምፅ፣ የአባቶቻችን ዘመን ሰዎች ሸክላ፣ የዛሬዎቹ ማስተር የሚሉት፣ ሌላ ንብረት ነው። ሌላ ባንድ ዜማችሁን በራሱ ከበሮና ጊታር ቢጫወተው የሚነካው የመጀመሪያው ብቻ ነው። የናንተኑ ቅጂ ቆርጦ በራሱ ዘፈን ውስጥ ቢከተው ግን ሁለቱም ተነክተዋል፤ ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ናስና ዴሚየን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት «አዝ ዊ ኢንተር» የቆመው ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ተቆርጦ በተወሰደ ድምፅ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ገበያ ነገ በራችንን ቢያንኳኳ ሁለቱ ቁልፎች የሚገኙት በማን ኪስ ነው? «ፐብሊሺንግ» የሚሉት ነገርም ከዚህ የራቀ ምስጢር የለውም፤ የግጥሙንና የዜማውን መብት መያዝ፣ ማስመዝገብ፣ በተጫወተ ቁጥር ማስከፈል ነው።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም፤ የኛው ታሪክ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ማኅበሩ መብቱን ይዞ ተኛበት። የወጣቱ ዘፈን በየክበቡ እየነደደ ሸክላ የሚሆንበት አላገኘም። በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ መደብር ያለው ወጣት ድንጋጌውን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀረጸ፣ ሕንድ አገር አሳተመ፣ አምጥቶም ሸጠ። እስከ 1975 ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። ደፋር ነበር፤ ይመሰገናል። ያኔ የዝምታ ትእዛዝ አክብሮ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንመጻደቅበት አብዛኛው ነገር አየር ላይ ተበትኖ በቀረ ነበር።

ነገር ግን ምስጋናው አያሳውረን። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ አልበሞች ሲያወጣ በብዛት የቀዳው ከአምሃና ከካይፋ ሸክላዎች ነው። ዓለም ያደነቀው ዘፋኞቹን ነው፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት በር ግን የሸክላው ባለቤት በር ነው። ያን ሁሉ ትራምፔትና ሳክስፎን የነፉት የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ልጆች መሣሪያው እንኳ የራሳቸው አልነበረም።

ዋልያስ ባንድን እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። የራሱን መሣሪያ ይዞ በራሱ የቆመ ባንድ ነበር፤ ሒልተን ተጫውቶ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዘለቀ። ከነዚያ ልጆች አንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ፤ ከዚያም ታክሲ ነጂ ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት የት አገኘው መሰላችሁ? ባሕር ዳር! ከማክሰኝት ተነስቶ ቁልቁል ለወረደ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ። ሰውዬው ፈልጎ ደወለለት፤ በ2013 እ.ኤ.አ. «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚባለው አሳታሚው እንደገና አወጣው። የዚህ አሳታሚ ውል ትርፍን እኩል መካፈል ነው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ካሴቱ ላይ ስም ነበረ፤ በስሙም የሚጠየቅና «እሺ» ለማለት መብት ያለው ሰው ተገኘ። ይህ ባይኖር ያ ካሴት ዕጣው የሌሎቹ ሺህ ካሴቶች ነበር፤ ሱቅ ጥግ አቧራ ለብሶ መቅረት።

አሁን ወደ ራሳችን። ካሴቱም ሲዲውም ከገበያ ወጥቷል፤ የዛሬው ሙዚቃ ቤት በአብዛኛው የዩቲዩብ ቻናል ነው። ለስቱዲዮና ለቪዲዮ ቀብድ ይሰጣል፤ ይህን አልክድም፣ ቀላል ነገርም አይደለም። ቀብድ ግን ቀብድ ነው። ለተወሰነ ዓመት አከራዩትና ውሰዱ። ለዘለዓለም ሽጡልኝ ሲላችሁ ግን ያ ቀብድ አይደለም፤ ማተብ ማስበጠስ ነው። አንድ የማውቀው ባንድ እንዲህ ፈርሞ የራሱን ዘፈን በራሱ ገጽ ቢጭን «የሌላ ሰው ንብረት ነው» ተብሎ ወረደበት። ድምፁን ቀድሞ ያስመዘገበው ቻናሉ ነበራ!

ብቻችንን እናውጣው ካልን ደግሞ ሥራው ከማሲንቆ ክር ማጥበቅ አይከብድም። ዘፈኑን ወደ ሁሉም የማዳመጫ መድረኮች የሚያደርሱ አከፋፋዮች በትንሽ ክፍያ አሉ። የሚከብደው ሌላ ነው፤ እርስ በርስ መፈራረም። ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? ያቀናበረው ማን ነው? ከበሮ መቺው ተመርቆ ሐረር ቢመደብ ድርሻው ይቀጥላል? «እኛ ወንድማማቾች ነን፣ ምን ወረቀት ያስፈልገናል» የምትሉ ሰዎች፣ ወንድማማች በርስት ሲካሰስ ያላያችሁ ምን አገር አደጋችሁ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይሰጠዋል። በጋራ ከደረሳችሁት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከሞተ ጀምሮ ነው። ዛሬ ካፌ ቁጭ ብላችሁ የምትጨቃጨቁበት ነገር የልጅ ልጆቻችሁ ጉዳይ ነው ማለት ነው።

እዚህ ድረስ ሁላችሁም አጨበጨባችሁልኝ ብዬ እገምታለሁ። ቀጣዩን ስሙኝ።

ስለ መብታችን የምንጮኸው እኛው፣ በገበያ ቀን ማክሰኝት ወርደን ጠጅ ቤት እንገባለን። አዝማሪው ማሲንቆውን ይገዘግዛል፤ በስልካችን እንቀርጸዋለን፤ መቶ ብር ግንባሩ ላይ እንለጥፋለን። ከስድስት ወር በኋላ ያቺ ዜማ በአልበማችን ላይ አለች። ሥሯ ምን ተጽፏል? «ዜማ፦ የሕዝብ። ቅንብር፦ የባንዱ።» ሕዝብ ሆይ፣ አድራሻህ የት ነው?

የሕዝብ የሆነ ዜማ መኖሩን አልክድም፤ ማንም የማይወርሰው፣ ሁሉም የሚዘፍነው አለ። ግጥሙም ቢሆን፣ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ የሚወረውረው ጠጪ ነው ወይስ ተቀብሎ የሚያሳምረው አዝማሪ ነው ባለቤቱ የሚለው ለሕግ ተማሪዎቻችን ጥሩ የራስ ምታት ይሆናል። ነገር ግን ያ አዝማሪ በዚያ ምሽት ከራሱ ያወጣት መታጠፊያ የሕዝብ አይደለችም፤ የሱ ናት። አዋጁ ሥራ የሚጠበቀው ወጥ ሲሆንና ግዙፍነት ሲያገኝ ነው ይላል። የአዝማሪው ዜማ አየር ላይ ነው፤ ግዙፍነት የሰጣት የኛ ስልክ ነው። ስለዚህ ማስረጃው በኛ እጅ ገባ፤ ባለመብት መስለን ወጣን። ያው አዋጅ ግን ከዋኙ ያልተቀረጸ ክዋኔውን ለማስቀረጽ የመፍቀድ መብት የራሱ እንደሆነ ደንግጓል። እኛ አስፈቅደን እናውቃለን? ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር ፈቃድ ነው የሚል ካለ፣ ሙዚቃ ቤቱም ለኛ የሰጠን ቀብድ እንደዚያው ነውና አፉን ይዝጋ።

ሰሞኑን ከግቢያችን አንድ ባንድ አልበም ሊያወጣ ስቱዲዮ ገብቷል፤ ከዘፈኖቹ አንዱ የማክሰኝት ጠጅ ቤት ዜማ መሆኑን ሰምቶ ያላወቀ የለም። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ማስተሩን አንሸጥም ብለውም ቆርጠዋል። እንግዲያው ከመውጣቱ በፊት ወረቀት ይዘው ማክሰኝት ይውረዱ። ድርሻው ስንት እንደሆነ በቁጥር ይጻፉ። አዝማሪው ማንበብ ባይችሉ በሁለት ምስክር ፊት ያንብቡላቸው፤ አልስማማም ካሉ ዘፈኗን ያውጧት። ከተስማሙም ስማቸው ከነአባታቸው በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፍ፤ የባንዱ ስም ከሥሩ ይከተል።