የካርቱም መንግሥት ወደ ቀይ ባሕር ወደብ መውረድና የተከተለው ነገር

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ፥ ጄኔራል አብደል ፋታህ አልቡርሃን በሚመሩት የሱዳን ጦርና ጄኔራል መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ በሚያዙት ፈጥኖ ደራሽ ኃይል መካከል ውጊያ በተነሣ ጊዜ፥ ሁለቱ አባዮች የሚገናኙበት መናገሻ ከተማ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመንግሥት ሥራ የማይሠራበት ሆነ። ሚኒስቴሮችና የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው ወደ ፖርት ሱዳን ወረዱ፤ አልቡርሃንም በነሐሴ ወር ከተከበበው የጦር ጠቅላይ መምሪያ ወጥተው መቀመጫቸውን በዚያው አደረጉ። ከሹማምንቱ ጋር እጅግ ብዙ ሕዝብ ተከተለ።

ፖርት ሱዳን ግን መናገሻ እንድትሆን የተቈረቈረች ከተማ አይደለችም። እንግሊዞች ከመቶ ዓመት በፊት የሠሯት፥ የጥንቱ የሱዋኪን ወደብ መግቢያ ጠባብና በኮራል ድንጋይ የታጠረ በመሆኑ ታላላቅ መርከቦችን ማስተናገድ ስላልቻለ ነው። ሥራዋም ዕቃ ማራገፍና መጫን ብቻ ነበር። እንግዲህ በበጋ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት በዚህች ከተማ የቤት ኪራይ በድንገት ናረ፤ ትምህርት ቤቶችም የስደተኛ ማረፊያ ሆኑ።

ከሁሉ የከፋው የውሃው ነገር ነው። ከተማይቱ የምትጠጣው በስተ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከአርባዓት ግድብ ነበር። ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. በጣለው ከባድ ዝናብ 25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ የነበረው ይህ ግድብ ፈረሰ፤ በትንሹ 30 ሰዎች ሞቱ፥ መንደሮችም ተጠራርገው ሄዱ። ቀድሞም ውሃ በጋሪ እየተሸጠባት በነበረችው ከተማ ላይ የመንግሥት ሸክም በተጨመረ በሁለተኛው ዓመት የሆነ ነው።

ለነጋዴው ጉምሩክ፥ ባንክና ሚኒስቴር በአንድ ከተማ መገኘታቸው በመጀመሪያ መልካም መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ወደብ የሚኖረው ከኋላው ባለው አገር ነው። የካርቱም ሱቆች ተዘርፈው፥ የባሕሪ ፋብሪካዎች ወድመው ሳለ፥ የተራገፈው ዕቃ ለማን ይሸጣል? ወደ ባሕሩ መራቅም ከጦርነት አላዳነም። ከሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው አልባ አውሮፕላኖች የአየር ማረፊያውን፥ የነዳጅ ማከማቻዎችንና የወደቡን ይዞታ ለቀናት ደበደቡ፤ ጦሩም ድርጊቱን በፈጥኖ ደራሹ ኃይል አመካኘ።

የባሕሩ ጠረፍ ባለቤት የሆኑት የቤጃ ሰዎች ጉዳይ ደግሞ ከጦርነቱ የቀደመ ነው። በ2014 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት የቤጃ አለቆች የጁባን ውል በመቃወም ወደቡንና የካርቱምን መንገድ ለስድስት ሳምንት ያህል ዘግተው፥ ከአገሪቱ የውጭ ንግድ የሚበልጠውን ክፍል አቁመውት ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ራሱ ደጃቸው መጥቶ ተቀመጠ፤ ቅሬታቸውን በቅርብ ለመስማት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ጦሩ በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. የካርቱምን ቤተ መንግሥት ካስመለሰ በኋላ፥ ጠቅላይ ሚኒስትር ካሚል ኢድሪስ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. የመንግሥቱን ወደ ካርቱም መመለስ አስታወቁ። የመዝገቡ ሣጥን በመኪና ተጭኖ ይመለሳል። ወደቡና የወደቡ ገቢ፥ የቤጃም ጥያቄ፥ እዚያው ባሕሩ ዳር ይቀራሉ።